የሚያሳፍረውን የመጠየቅ ሥራ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ኬክ ይዘው ቤቴ መጡ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ለብዙ ዓመታት አጠገቤ ተቀምጣ ያስቀደሰች ሴት፣ «ለመሆኑ አልጋነሽ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ «የጤና ጥናት» አልኳት። «የምን ጤና?» አለች። ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ማንን ይፈራል? «የወሲብ ፊልም በሚያዩት ሰዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠና ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የእኔ ሥራ ሰዎቹን መጠየቅ ነበር» አልኳት። የያዘችው ሹካ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሁለተኛዋ አማተበች። ሦስተኛዋ ግን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እና ምን አገኛችሁ?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለሦስተኛዋ ነው። የዚያን ቀን እንዳላብራራላት ሁለቱ ጓደኞቼ ወሬውን ወደ ልጆቻቸው ሠርግ አዞሩት።

የተወለድኩት አስመራ ነው፤ የተማርኩት ደግሞ በአማርኛ። ሮም እንደመጣሁ ፕራቲ ሰፈር አንዲት አሮጊት እጦር ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ጣልያንኛዬ ተስተካክሎ ስለነበር ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለ የስደተኞች ክሊኒክ ማስተርጎም ጀመርኩ። አንድ ቀን ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የሰካች፣ ትልቅ ቦርሳ የተሸከመች ጣልያናዊት መጣችና ለጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት ማነጋገር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ጥያቄዎቹ የሴትየዋ ባል ስልኩ ላይ ስለሚያያቸው ፊልሞች ነበሩ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። ሲያልቅ ጣልያናዊቷ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከዚህ በፊት ያመጣኋቸው አስተርጓሚዎች ወይ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ። አንቺ ለምን አልሳቅሽም?» አለችኝ። «ሴትየዋ መች ሳቀች?» አልኳት። ብዙም ሳይቆይ ኮንትራት አስፈረመችኝ። ኮንትራቱ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ ይታደሳል አይታደስም እያልኩ ስሳቀቅ ጡረታዬ ደረሰ።

ያቺ ሴት ፕሮፌሰር አዴሌ ናት። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም። «እርስዎ አትበይኝ» ብላ ስላስቸገረችኝ በአማርኛ ሳስባትም እሷ ሆና ቀረች።

አዴሌ ሰው ስታነጋግር ፊት ለፊት አትቀመጥም። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ፖሊስና ዳኛ ናቸው ትላለች። ወንበሮቹን ጎን ለጎን ታደርግና ከገበያ የገዛችውን ነገር መካከል ላይ ታስቀምጣለች። በክረምት መንደሪን ነው፤ በጸደይ ደግሞ የባቄላ እሸት። ከዚያ ምንም ሳትናገር መላጥና መፈልፈል ትጀምራለች። እንግዳው ዝም ብሎ ማየት ይከብደውና እሱም እጁን ይሰዳል። እጁ ሥራ ከያዘ በኋላ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አይጨነቅም። በተለይ የእኛ ሰው እሸት እየፈለፈለ ከሆነ ለማያውቀው ሰው የማያወጋው ነገር የለም። የተፈለፈለውን ባቄላ ማታ ቤቴ ወስጄ እበላዋለሁ፤ የስንት ሰው ምሥጢር በልቻለሁ እያልኩ አዴሌን አስቃት ነበር።

ሌላው ልማዷ ዝምታ ነው። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ «ኤ ፖይ?» ትላለች፤ ከዚያስ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ አትናገርም። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ዝምታው ያስጨንቀኝና ሰውየውን ለመርዳት አፌን ስከፍት በጉልበቷ ነካ ታደርገኝ ነበር። ቆይቶ ገባኝ። ሰው የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ለእኛ ደስ እንዲለን ነው፤ የራሱን የሚያመጣው ዝም ስንለው ነው።

ቃል መምረጥም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። በአማርኛ «የብልግና ፊልም ታያለህ?» ብዬ ከጠየቅሁት ገና ሳይመልስ ፈርጄበታለሁ። በጣም የተለሳለሰ ቃል ካመጣሁ ደግሞ ስለምን እንደማወራ አይገባውም። አዴሌ የማይቆጣም የማያባብልም ቃል ፈልጊ አለችኝ። «የወሲብ ፊልም» የሚለውን ልክ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው እስክለው ድረስ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ። ደግነቱ ብቻዬን ነው የምኖረው።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዷ ግን ደስ የሚል ውጤት ሲመጣ መጠራጠሯ ነው። ከጠረጴዛዋ በላይ በእጅዋ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «ተሳስተን ከሆነስ?» ይላል። የምትፈልገው መልስ ሲመጣላት እንደ መደሰት ሁላችንንም ታስቀምጥና ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል እያለች ታስጨንቀን ነበር።

የፈለግነውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ከእኛ መልስ የሚፈልጉ ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኞቹ ይህ ነገር ሰውን እንደሚያበላሽ መስክሩልንና እናዘጋው ይላሉ። ሁለተኞቹ ምንም እንደማያደርግ መስክሩልንና እንነግድበት ይላሉ። አዴሌ ሁለቱንም ታስከፋ ነበር። እኛ ያየነው አንድ ዓይነት ሰው አልነበረማ። አንዱ ብዙ ያያል፤ ሥራውንም ይሠራል፣ ሚስቱንም ይወዳል። ሌላው ጥቂት ያያል፤ ግን በእምነቱ ከባድ ኃጢአት ስለሆነ ራሱን ከሰው በታች ያደርጋል። ሌላው ደግሞ በእርግጥ ይጎዳል፤ ሥራውም ትዳሩም ይፈርሳል። እሱም ቢሆን ስላየ ነው ያዘነው ወይስ ስላዘነ ነው የሚያየው? ይህችን አንዷን ጥያቄ ለመለየት የጠፋው ዕድሜ የእኔንም የአዴሌንም ፀጉር አሸብቶታል።

በሁለት ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። ሕፃን ያለበት ወይም ሰው ሳይወድ የተቀረጸበት ነገር ወንጀል ነው፤ የፖሊስ ጉዳይ ነው ትላለች። አዋቂ ወዶ የሚያየውን መከልከል ግን አትደግፍም። አንድ ጊዜ በአንድ ደብር አዳራሽ ውስጥ ስትናገር አንድ ሽማግሌ ካህን ተነስተው «ታዲያ ልጄ፣ ጥሩ ነገር ነው እያልሽን ነው?» አሏት። «ጥሩ ነው አላልኩም አባ» አለቻቸው። «እኔ ገና ያላወቅሁት ብዙ አለ ነው ያልኩት። የተከለከለ ነገር ደግሞ ሰው አይነግረኝም። ካልነገረኝ የተጎዳውን ካልተጎዳው በምን እለየዋለሁ?» ካህኑ አልተስማሙም። ሲወጡ ግን እጇን ይዘው «መጠየቅሽን አትተይ» ብለዋታል።

አሁን ወደ ሙሉጌታ ልምጣ።

ከጡረታዬ ጥቂት ዓመታት በፊት በከተማው ምሥራቅ ጫፍ ያለ የስደተኞች ማረፊያ ኃላፊ ወደ እኛ መጣ። ሲኞር ብሩኖ ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ የማረፊያውን ልጆች ስም ሁሉ ሳይሳሳት የሚጠራ። በማረፊያው ብዙ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች። ብሩኖ በስልካቸው የሚያዩትን ሰምቶ ስለተጨነቀ የማረፊያው ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያሉ ገጾችን የሚዘጋ ማጣሪያ ሊያስገባ ወስኗል። እኛ ደግሞ ማጣሪያው ከመግባቱ በፊትና በኋላ ልጆቹን እንድንጠይቅለት ፈለገ። አዴሌ ደስ አላት፤ ከመዘጋቱ በፊት የሚጠራን ሰው ብርቅ ነው።

ሙሉጌታን ያኔ አወቅሁት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አግኝቶ ሚስቱን ሂሩትን ለማምጣት ሪኮንጁንጂሜንቶ የሚሉትን የቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይ ጀምሮላታል። ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው ነበር የተለያዩት። መንደሪን እየላጠ ስለ እሷ ያወራኛል፤ የላጠውን ግን አይበላም፣ ወደ እኔ ነው የሚገፋው።

«እትዬ አልጋነሽ፣ እኔ ተበላሽቻለሁ» አለኝ።

«እንዴት?»

«አያለሁ። በየቀኑ ባይሆንም አያለሁ። ይህን የሚያይ ሰው አንጎሉ ይቃጠላል፣ ለሚስቱ አይሆንም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሂሩት ያን ሁሉ ጠብቃ መጥታ ማንን ልታገኝ ነው?»

ጠያቂ አይመክርም። ይህ የሥራችን ሕግ ነው፤ ከመከርኩት በሚቀጥለው ጊዜ የሚነግረኝ የራሴን ምክር ነው። ስለዚህ በደንቡ መሠረት የምክር አገልግሎት የሚሰጥበትን ገጽ አድራሻ ጽፌ ሰጠሁት። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በሩ ላይ ስንለያይ አቅፌ «ምንም አልሆንክም» ልለው ምን ያህል እንደፈለግሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማጣሪያው ገባ። ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው የጣልያኖቹ ፋሲካ እንዳለፈ ነበር። እኔ ካቶሊክ ስለሆንኩ የእኔም አልፏል። ብሩኖ ለሁሉም ኮሎምባ የሚባለውን የፋሲካ ዳቦ አድሎ ነበር። የሙሉጌታ ቁም ሣጥን ላይ የእሱና የጓደኞቹ ካርቶኖች ሳይከፈቱ ተደርድረው አየሁና ጣፋጭ አይወዱም ማለት ነው ብዬ አለፍኩ።

መልሳቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ትተናል። አናይም። ማጣሪያው ረድቶን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ በጣም፣ እግዜር ይስጠው። ሙሉጌታ ፊቱ በርቶ ነበር። «ለሂሩት ቪዛዋ ወጥቷል፤ ቶሎ ነይ ብያታለሁ» አለኝ። አዴሌ እንዲህ ያለ ንጹሕ ውጤት አይታ አታውቅም። ስለዚህ ፊቷ ጠቆረ። ሦስተኛ ጊዜ ሳንጠይቅ ለማንም አንናገርም አለች። ለብሩኖ ግን የደረስንበትን ማሳየት ግዴታችን ነበርና አሳየነው። እሱ ደስታውን መያዝ አልቻለም። በምሳ ሰዓት ልጆቹን ሰብስቦ፣ ጥናቱ አረጋግጦላችኋል፣ ሁላችሁም ነፃ ወጥታችኋል አላቸው። የከተማው ባለሥልጣናትም ሰሙና ማጣሪያውን በሁሉም ማረፊያዎች ለማስገባት ስብሰባ ጠሩ።

ለሦስተኛው ዙር ስንሄድ ገበያው ላይ የባቄላ እሸት ሊያልቅ ነበር። መጀመሪያ የገባው ሙሉጌታ ነው። ባቄላውን አልነካም።

«ሁሉም ተላቀቁ» አለኝ። «እኔ ብቻ ቀረሁ።»

«ከዚያስ?»

«ማጣሪያው የቤቱን ኢንተርኔት ነው የሚዘጋው፤ በሲም ካርዴ ይከፍታል። ከፈትኩ። ማሽኑ፣ ጥናቱ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ተረባርቦ ያላዳነኝ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ያንን የሰጡኝን የምክር ገጽም በቤቱ ኢንተርኔት ሞክሬው ነበር። ‹የተከለከለ ገጽ› ብሎ ቀይ ጻፈብኝ። ስሜን የመዘገቡት መስሎኝ ስልኩን አጠፋሁት።»

ባቄላውን ወደ እሱ ገፋሁለት። አሁንም አልነካውም።

«ለሂሩት አትምጪ ብያታለሁ» አለ። «ለምን ስትለኝ አልመለስኩም። ስትደውልም አላነሳም። ቪዛዋ በቅርቡ ያልቃል፤ ያኔ ራሷ ትተወዋለች።»

ከእሱ ቀጥሎ የገባው አልጋው ከሙሉጌታ በላይ ያለ ልጅ ነበር። በሩን ዘግቶ፣ «እትዬ፣ በእናትዎ ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልተውኩት» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ የገባውም እንዲሁ አለ። የኋለኞቹም። ኮሪደሩ ላይ ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ደግሞ የእያንዳንዳቸውን ይዣለሁ፤ ለአንዱም የሌላውን መንገር አልችልም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ምሥጢር የከበደኝ ጊዜ የለም።

ለአዴሌ ያለ ስም ነገርኳት። ፀጉሯ ላይ ያለውን እርሳስ አውጥታ ጠረጴዛውን እየመታች ቆየች። «ያኔ የነበረ፣ አሁን የሌለ ነገር ምንድን ነው?» አለች። አላወቅንም። ሁለታችንም ስላላወቅን በማግስቱ አብረን ሄደን ሙሉጌታን ጠየቅነው። ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ እያየ፣

«ጾም ነበር እኮ!» አለ።

«የምን ጾም?»

«ሁዳዴ ነዋ፣ እትዬ! በሁዳዴ ማን ያያል? ሥጋና ወተት ትተን፣ ሌላውን ሁሉ ትተን እሱን ልናይ ነው? እናንተ ፋሲካችሁን ስትበሉ እኛ ገና ነበርን።»

ኮሎምባዎቹ ትዝ አሉኝ። ቅቤና እንቁላል አለባቸው።

«ታዲያ ማጣሪያው ረዳኝ ያልከው?» አልኩት።

«እንዴ፣ ሲኞር ብሩኖ ለእኛ አስቦ ያስገባውን አልረዳኝም ይባላል? ሰውየው ይከፋዋል እኮ።» ትንሽ አሰብ አድርጎ ቀጠለ። «ደግሞ ሁሉንም ማጣሪያው እንዳዳናቸው ጥናቱ አለ ተባለ። እኔም አመንኩ። የእነሱ ከልብ ነው፣ የእኔ ብቻ በጾሙ ነበር ብዬ።»

ማጣሪያው የገባው ጾሙ ሊገባ ሲል ነው። በሮም ያለን ሊቃውንት ሁላችን፣ እኔንም ጨምሮ፣ አንዲት የግድግዳ ካሌንደር አላየንም። ስተረጉምላት አዴሌ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ዓይኗ እንባ ሞላ። «አልጋነሽ» አለችኝ፣ «እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ከነእፍረቱ ዘጋንበት።»

ብሩኖ ሲነገረው መጀመሪያ አልዋጥ አለው። ስብሰባው በዚያው ሳምንት ነበር።

«ስብሰባው ይለፍና እንናገር» አለ። «ባይረዳስ ምን ይጎዳል? አንድ ልጅ እንኳ ቢያድን?»

«ማንን እንዳዳነ ንገረኝ» አለችው አዴሌ። «ያዳነውን አላየሁም። ዝም ያሰኘውን ግን አይቻለሁ። ማጣሪያው የምክር አገልግሎቱን ገጽ ዘግቷል፣ ብሩኖ። እርዳታ ፍለጋ የሄደውን ልጅ ነው ተከልክለሃል ያለው። ማሽኑ ፊልም ፈላጊውንና እርዳታ ፈላጊውን አይለይም፤ ቃል ብቻ ነው የሚያየው።»

ብሩኖ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የልጆች አባት ነው፤ ክፉ አላሰበም። ከዚያ «ቫ ቤኔ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ግን ልጆቹ ፊት ስትነግሪያቸው እኔም እቆማለሁ። ነፃ ወጣችሁ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ልጆቹ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። አዴሌ ቆማ ተናገረች፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ አስተረጎምኩ። «የወሲብ ፊልም» የሚለውን ቃል ለአንድ ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ብየዋለሁ። በአማርኛ፣ በጉባኤ፣ እትዬ እያሉ በሚጠሩኝ ወጣቶች ፊት ግን ብዬው አላውቅም። አንዱ ውኃ አቀበለኝ። ጠጣሁና አልኩት፤ ጣራው አልተናደም።

«የተሳሳትነው እኛ ነን» አለች አዴሌ። «ትታችኋል ያልነው ጾም ላይ ስለጠየቅናችሁ ነው። ከፋሲካ በኋላ ስንጠይቃችሁ ከሞላ ጎደል ሁላችሁም ተመልሳችኋል። እያንዳንዳችሁም ‹እኔ ብቻ ነኝ› ብላችሁናል። የማንንም ስም አልናገርም። ብቻውን የሆነ ሰው ግን እዚህ ውስጥ የለም። በዚህ ነገር የሚሰቃይ ካለ ሥቃዩ እውነተኛ ነው፤ የሚያግዘው ሰው አለ፣ እናገናኘዋለን። ተበላሽቷል የሚባል ሰው ግን እኔ እስካሁን አላገኘሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከኋላ አንድ ረጅም ልጅ፣ «ሁላችንም?» አለ።

«ሁላችሁም» አልኩት፣ አዴሌን ሳልጠብቅ።

አንዱ ሳቀ። አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሰመውና እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አዳራሹን ሞላው፤ «አንተም? ዲያቆኑ!» እያሉ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይመታል። ብሩኖ ምን እንደሚያስቃቸው ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ሙሉጌታ ብቻ አልሳቀም። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀምጧል።

አውቶቡስ ስጠብቅ ተከትሎኝ መጣ። ስልኩን ይዟል።

«እትዬ፣ ለሂሩት እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ አፌ አይችልም።»

«አልነግርም» አልኩት። «አንተ የነገርከኝን ለሰው አልናገርም፤ ለእሷም ቢሆን። አሁን ጥናቱ አልቋልና እንደ እናት ልምከርህ። ራስህ ንገራት።»

ደወለ። እንዳልሄድበት ብሎ ድምፁን ለሁለታችን ከፈተው። ገና አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሳችው።

«ሂሩቴ» አለ።

«ስሟን ብቻ ንገረኝ» አለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ሌላ አልፈልግም። ያገባሃትን ሴት ስም።»

«የምን ሴት?»

«አትምጪ የሚያስብል ሌላ ምን አለ?»

ነገራት። እየተንተባተበ፣ እየደጋገመ፣ ከእኔ ፊቱን አዙሮ ነገራት።

«ሴት የለችም?» አለች ሂሩት።

«የለችም።»

«ሙሉጌታ፣ ይህን ለመናገር ነው የገደልከኝ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «እህል አልቀምስም ብዬ እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ነበር። ነገሩን አልወደድኩትም፣ ደስ ብሎኛል አልልህም። ስመጣ እንነጋገርበታለን፤ እጣላህም ይሆናል። ግን ሳትነግረኝ መንገዴን አትዝጋብኝ። ልምጣ አልምጣ የምለው እኔ ነኝ።»

አውቶቡሱ መጣና ሄደ። አልተሳፈርኩም፤ እንባዬን የማብስበት መሐረብ ቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግሁ ነበር።

ስብሰባው ላይ አዴሌ ተሳስተናል ብላ ተናገረች። ውጤት ሲያምር የሚሞላው አዳራሽ ስህተት ሲነገርበት ግማሹ ባዶ ነበር፤ ጋዜጠኞቹም አልመጡም። ማጣሪያው ወደ ሌሎች ማረፊያዎች አልሄደም። ብሩኖም የራሱን አስነስቶ አማካሪ የሚቀመጥበት ክፍል ከፈተ፤ በሩ ፊት ተራ የሚጠብቁ ልጆች አይጠፉም ይለኛል። አዴሌ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጥታ ኦስቲያ ባሕር ዳር ትኖራለች። ስንገናኝ የምታነሳው ያማሩትን ጥናቶቿን አይደለም፤ ይህችን ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረችኝ ይህች ናት ትላለች። እኔም እንዲሁ።

ሂሩት የመጣች ቀን ሙሉጌታ አብሬው ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እንድሄድ ለመነኝ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ካረፈ ቆይቷል፤ ሰው እየወጣ እየተቃቀፈ ይሄዳል። ሙሉጌታ ሸሚዙን ደጋግሞ ያስተካክላል። «ፊቴን ስታይ ታውቅብኛለች» ይለኛል። «ነግረሃት የለም እንዴ፣ ምኑን ታውቅብሃለች?» እለዋለሁ። አይሰማኝም።

ወጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ሻንጣዋን በሁለት እጅዋ ትገፋለች። አየችውና ቆመች። እሱም መራመድ አቃተው። ቀርባ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ እሱ ፍርዱን እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ደፋ። ጉንጩን በመዳፏ ያዘችና ቀና አደረገችው።

«ከስተሃል» አለችው።